ንጉሡ ዝም ይላል

ባለፈው ወር አምስት ኪሎ አካባቢ ወዳለ አንድ የቆየ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄጄ፣ አንዲት ሴትዮ የኮሪደሩን ጣውላ ሰም ስትቀባ አገኘኋት። ቀዩ የወለል ሰም ከላምባ ጋር ተደባልቆ ሲሸተኝ ደረጃው ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። መውጣትም መውረድም አቃተኝ። ሴትዮዋ ቀና ብላ፣ "ግቢ እህቴ፣ ደርቋል፤ አያንሸራትትም" አለችኝ። መውደቅ የፈራሁ መስሏታል። እኔ ግን እሪ በከንቱ ሠፈር፣ አባቴ ቤት ገብቼ ነበር።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቤታችን ከፒያሳ ወደ ታች ሲወርዱ ቁልቁለቱ ላይ ተደጋግፈው ከቆሙት አሮጌ ቤቶች አንዱ ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ግን ጣውላ ነው። አባቴ በዚያ ጣውላ ይኮራበታል። "የመኳንንት ወለል ነው፤ ግድግዳውን ብቻ ነው የተቀማነው" እያለ ይቀልዳል። ሳሎኑን ከጓዳው የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወለሉን ሰም ቀብቶ ማሸት የእኔ ሥራ ነበር። ሰሙን በጨርቅ ካዳረስኩ በኋላ የአባቴን ያረጀ ሹራብ እግሬ ስር አድርጌ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እንሸራተታለሁ። ታላቅ እህቴ ሮማን መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ "ማዕዘኑን ዘለልሽው! አንቺ ሰነፍ!" ትለኛለች። ሮማን ያኔ ሃያ ሞልቷታል። አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆና ትሠራለች። ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል።

ወለሉ እንዲያ የሚታሸው ለአባቴ ተማሪዎች ነበር። አባቴ፣ መምህር አስራት፣ የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነው። ቀን ሠርተው ማታ የሚማሩትን ተማሪዎቹን ፈተና ሲቃረብ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ድረስ ይጠራቸዋል። አግዳሚ ወንበሮች ከጎረቤት ይመጣሉ፤ ትንሿ ጥቁር ሰሌዳ ምስማር ላይ ትሰቀላለች፤ እናቴ ሻይ ታፈላለች፤ እኔ አዳርሳለሁ። አባቴ ሌላ ጊዜ ዝምተኛ ነው፤ ቅዳሜ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ድምፁ ይወፍራል፤ ቁመቱም የሚጨምር ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የሚያስተምራቸው አንድ የጥንት ትራጀዲ ነው፤ ከሌላ አገር ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሰ። ከመጋረጃው ጀርባ እየሰማሁ ታሪኩን በቃሌ ይዤዋለሁ። በበረሃ ዳር የተሠራች ከተማ አለች። ጠላት ከቧታል። አንድ ማለዳ የውኃው በር ተከፍቶ ይገኛል፤ ጠላት በዚያ ገብቶ ብዙ ሰው ይገድላል። ንጉሡ ሕዝቡን አደባባይ ሰብስቦ ይምላል፤ "ይህን በር የከፈተ ወንድ ይሁን ሴት ወደ በረሃ ይሰደድ፤ ውኃ ያቀበለው እሱም ይከተለው" ይላል። በሩን የከፈተችው ግን የገዛ ልጁ ናት። ከውጭ ወድቆ "ውኃ" እያለ ለሚያቃስት አንድ ቁስለኛ አዝና ነው የከፈተችው። ሞግዚቷ ታውቃለች፤ ከንጉሡ እግር ስር ወድቃ ቃሉን እንዲመልስ ትለምነዋለች። ኋላ ልጅቱ ራሷ ከሕዝቡ መሀል ወጥታ፣ "እኔ ነኝ፣ አባቴ" ትላለች።

አባቴ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ይዘጋል።

"ቀጥሎ ምን ተጽፏል?" ይላል።

"'ንጉሡ ዝም ይላል' ይላል፣ ቲቸር።"

"ከዚያስ?"

"'ሕዝቡን ያያል።'"

"በቃ፣ ትያትሩ እዚህ ነው ያለው። ልጅቱ በረሃ ላይ ስትሞት የሚለቀስበት መጨረሻው ቦታ ጌጥ ነው። ውድቀቱ ያለው እዚህ ነው፤ ማንም በማይናገርባት በዚህች ቦታ። ልጁ እግሩ ስር ናት። ታዲያ ለምን ሕዝቡን አየ? ለምን እሷን አላየም? ይህን መልሱልኝ፤ ሌላ ፈተና አልፈትናችሁም።"

ከዚያ ሁሉም ዝም እንዲሉ ያዛል። ደጅ የሚጫወቱ ልጆች ድምፅ፣ ከታች የወንዙ ድምፅ ይሰማል። "በዚህ ዝምታ ውስጥ መመለስ ይችል ነበር" ይላል ቀስ ብሎ። "በሩ ክፍት ነው። ማንም አልቆለፈበትም።"

እኔ "ውድቀት" የሚለውን ቃል የማውቀው ከትምህርት ቤት ነው። የወደቀ ማለት ክፍል የደገመ ነው። አንድ ቅዳሜ ሻይ ይዤ እንደገባሁ ተማሪዎቹ የንጉሡን ውድቀት ሲከራከሩበት ሰማሁና አላስችል ብሎኝ፣ "አባዬ፣ ንጉሡ በምን ትምህርት ነው የወደቀው?" አልኩት።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴ መነጽሩን አውልቆ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ጸጉሬን ዳበስ አድርጎ፣ "በአባትነት ነው የወደቀው፣ የኔ ልጅ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረበለት" አለኝ።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የማይረሳኝ ሳሙኤል የሚባለው ነው። የፒያሳ ልጅ ነው፤ ምላሱ ስል ነው፤ አባቴም በጣም ይወደዋል። "ቲቸር፣ ንጉሡ ፋራ ነው በቃ" አለ አንድ ቀን።

"ፋራ ማለት?"

"ቃሉን አንገቱ ላይ አስሮ የሚዞር። ግን አይፈረድበትም፤ የእኛስ ሰው 'የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ' ይል የለ?"

አባቴ ጣቱን ቀሰረ። "ይላል! አባቶቻችን ብዙ ብልህ ነገር ተናግረዋል፤ ይህን ግን የተናገረው ሰውዬ ወልዶ አያውቅም። ወልዶ ቢሆን ኖሮ ምላሱን ይነክሳት ነበር። ጻፉት ይህን።" ሁሉም ጻፉ። ሮማን ከመጋረጃው ጀርባ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር። እጄን ጨብጣኝ፣ ፈገግ ብላ፣ "አባዬ እኮ ልዩ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። ያንን ቀን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ። ተስፋ ያደረገችው በዚያች ንግግር ይሆን እላለሁ።

በዚያው ሰሞን ሮማን ከሥራ ስትወጣ ፒያሳ ትቀጥረኝና ከድር የሚባል ልጅ ወደሚሠራበት የአባቱ ሱቅ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ሱቁ የቤት ዕቃ ይሸጣል። ሳህን፣ ድስት፣ ግድግዳውን ሙሉ ደግሞ አበባ የተሳለባቸው ቴርሞሶች። አባቱ ሱቁን ለከድር ለቀውለት ወደ አገራቸው፣ ወደ ቡታጅራ በኩል፣ ይመላለሳሉ። ከድር ረጅም፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። ለእኔ ብስኩት ይሰጠኝና ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ያስቀምጠኛል። ለሮማን አንድ በአንድ ቴርሞስ እያወረደ ያሳያታል። ይከፍቱታል፤ ውስጡን ያያሉ፤ ይስቃሉ፤ ይዘጉታል። አንድም ቀን ገዝተን አናውቅም። እህቴ ቴርሞስ በጣም እንደምትወድ፣ ግን ቀለም መምረጥ እንዳቃታት ደመደምኩ። እናቴን፣ "ለፋሲካ ለሮሚ ቴርሞስ ግዥላት፤ በየቀኑ ሄዳ ታያለች" አልኳት። እናቴ እጇ ላይ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀምጣ አየችኝ። "የማን ሱቅ?" አለች። ነገርኳት። ሽንኩርቱን መልሳ አነሳችው።

ሁዳዴ ሲገባ ሮማን ጠዋት ጠዋት ታስመልስ ጀመር። የጾም ዘይት አልተስማማትም ብዬ አሰብኩ። እናቴ ጀርባዋን እያሸች አብራት ስታለቅስ ባይም፣ የዘይቱ ነገር እንዲህ የሚያስለቅስ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሠፈር ውስጥ ለቅሶ ነበር። ዝናብ ሊጥል ሲያጉረመርም እናቴ ለአባቴ ጃንጥላ አድርሺ ብላ ላከችኝ። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ካርታ ይጫወታሉ። አቶ በቀለ የሚባሉ ጡረተኛ አሉ፤ ሰው በነገር መጎንተል የሚወዱ፣ እሳቸው ካሉበት ለቅሶ እንኳ የሚሳቅበት። ገና ጃንጥላውን ሳልሰጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "መምህር፣ እንኳን ደስ ያለዎ እንበል እንዴ? ከእነ ከድር ቤት ልትጋቡ ነው አሉ። እንግዲህ የሠርጉን በሬ ማን ባርኮ ሊያርደው ነው?" አሉ።

ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሳቀ። በክፋት አልመሰለኝም፤ ለቅሶ ላይ እንደሚሳቀው፣ አፍን በጋቢ ሸፍኖ ነው። የአባቴ ፊት ግን ሲለወጥ አየሁት። ተነሣ። ያ የቅዳሜው ድምፁ መጣ።

"የእኔ ልጅ ይህን ካደረገች ልጄ አይደለችም! ደጄን አትረግጥም፤ ስሞትም ለቅሶዬ ላይ አትቁም! በሬን የከፈተላት እሱም ከእኔ ጋር አይኖርም! ሥላሴ ምስክሬ ነው!"

እኔ ፈገግ አልኩ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ንጉሡን እየሆነ ያሳያቸው መሰለኝ። በደንብ ነው ያደረገው፤ ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ አድርጎት አያውቅም። አሁን ሞግዚቷን የሚሆን ሰው ይነሣል ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። ማንም አልተነሣም። ሳቁ ጠፍቷል። አቶ በቀለ ካርታቸውን እያዩ፣ "ኧረ ጨዋታ ነው" አሉ። አባቴ ጃንጥላውን ሳይቀበለኝ ወጣ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር።

ቤት ስንደርስ እናቴ ከፊቱ አነበበችው።

"ምን ሆነህ ነው?"

ነገራት። እናቴ ደረቷን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ሳትጠይቃት? አስራት፣ ልጅህን ሳትጠይቃት ማልክ?"

"ሐሰት ነው። ሐሰትን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?"

"እውነት ቢሆንስ?"

እርጥብ ኮቱን አውልቆ በሩ ጀርባ ሰቀለው።

ሮማን ለምሳ ስትመጣ ወሬው መንገድ ላይ ጠብቋታል። ከኋላዋ ጎረቤቶች ተከትለዋት መጥተው በር ላይ ቆሙ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ወንዶቹ ከለቅሶው በቀጥታ። አቶ በቀለም አሉበት። ሮማን ጫማዋን አወለቀች። ያሸሁት ወለል ላይ ተንበርክካ የአባቴን ጉልበት ያዘች።

"አባዬ፣ ሰው ከሚነግርህ እኔ ልንገርህ። እውነት ነው። ነፍሰ ጡር ነኝ። ከድር ሊያገባኝ ነው፤ ሽማግሌ ሊልክ የጾሙን መፈታት ነበር የምንጠብቀው። አስቀየምኩህ። ምታኝ፤ ግን አታባርረኝ።"

አባቴ ምንም አላለም። ቀኝ እጁ ከጎኑ ተነሣ። ሊመታት መስሎኝ ዓይኔን ልጨፍን ስል እጁ ተዘርግቶ ወደ ጸጉሯ ሲሄድ አየሁ። መዳፉ ክፍት ነበር። ጸጉሯን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሌላ ድምፅ የለም።

ከዚያ አባቴ ቀና ብሎ በሩን አየ። የቆሙትን አንድ በአንድ አየ።

እጁን መለሰው። "ሂጂ" አለ።

እናቴ ጮኸች። አንድ ሁለት ሴቶች ገብተው፣ "ኧረ መምህር፣ ኧረ ስለ ማርያም" አሉ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ሮማን ልብሷን በአንድ ሻንጣ ስትከት የማይረባ ነገር ሁሉ ስትከት አየኋት፤ ክዳኑ የጠፋ ቅባት፣ የእኔን የተሰበረ ማበጠሪያ። በር ላይ ስትደርስ አቀፈችኝና፣ "እማዬን እንዳትለዪያት" አለችኝ። ዕቃ ልትገዛ ነው የምትሄደው ብሎ የሚነግረኝ ሰው ፈለግሁ። ማንም አልነገረኝም። በዚያ ቅዳሜ ትምህርት አልነበረም።

በሳምንቱ ውስጥ እናቴ የንስሐ አባታችንን ከሥላሴ ይዛ መጣች። በጣም የሸመገሉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ቄስ ናቸው። ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ "ልጄ፣ በቁጣ የተማለ መሐላ በንስሐ ይፈታል። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ቃል አይቀበልህም። እኔ እፈታሃለሁ፤ ልጅህን አስመጣት" አሉት።

አባቴ ተነሥቶ መስቀላቸውን ተሳለመ። "አባ፣ መሐላውን እርስዎ ይፈቱታል። የሰማውን ሰው ጆሮ ማን ይፈታዋል?" አላቸው።

ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ። "ለጆሮ ብለህ ልጅ ትጥላለህ?" አሉ። መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወለሉን አሸሁ። ማንም ማዕዘኑን ዘለልሽ አላለኝም። ተማሪዎቹ መጡ። ነገሩ ሠፈሩን ሁሉ አዳርሶ ፒያሳ ደርሷል፤ ሁሉም ያውቃሉ። ወንበር ላይ ሲቀመጡ እንኳ ድምፅ እንዳያሰሙ ይጠነቀቁ ነበር። ወደ ሌላ ምዕራፍ የሚያልፍ መስሏቸው መጽሐፋቸውን ወደ ፊት የገለጡም ነበሩ። አባቴ ግን ያንኑ ገጽ ገለጠ።

በሕይወቴ ብዙ አስተማሪ ሰምቻለሁ። ያን ቀን አባቴ እንዳስተማረው የሚያስተምር ግን አላጋጠመኝም። ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፈም። ንጉሡ መመለስ የሚችልባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አሳያቸው። ሞግዚቷ ስትለምነው መመለስ ይችል ነበር፤ ምክንያቱም ገና የልጁ ስም አልተጠራም። ልጁ "እኔ ነኝ" ስትል ይችል ነበር፤ ምክንያቱም ሕጉ የወጣው ለጠላት ወዳጅ እንጂ ለርኅሩኅ ሰው አይደለም። ኋላ የከተማዋ ካህን ሊያስታርቅ ሲመጣ ይችል ነበር፤ ምክንያቱም የማለበት አምላክ ራሱ ይቅር ብሎታል። አንዲት ቃል አልተንተባተበም። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜ፣ ይህን ሁሉ ካወቀ ማታ ሮሚን ሄዶ ያመጣታል ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም ጫማውን በዓይኔ ፈለግሁ።

ሳሙኤል እጁን አወጣ። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

"ታዲያ ቲቸር፣ ለምን አልተመለሰም?"

አባቴ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ሰው እያየው ነበር" አለ።

መጋረጃው ተገለጠ። እናቴ ተማሪ ፊት ወጥታ አታውቅም፤ ሻዩን እንኳ በእኔ ነው የምትልከው። ሽሮ የነካውን እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መሀል ወለል ላይ ቆመች።

"አስራት፣ ተማሪዎችህ እያዩህ ነው። እነዚህም ሰዎች ናቸው። እነሱ ፊት ተመለስ። እባክህ" አለችው።

ተማሪዎቹ ሁሉ አቀረቀሩ። ሳሙኤል ብቻ ቀና ብሎ አባቴን ያየው ነበር፤ በዓይኑ የሚለምነው ይመስላል።  ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ፣ አባቴ የሚናገር መሰለኝ።

"የሺ" አለ፣ "ክፍል ላይ ነኝ።"

እናቴ ተመለሰች። መጋረጃው ወረደ። አባቴ መነጽሩን አስተካክሎ፣ "የት ጋ ነበርን?" አለ። አንድ ተማሪ ገጹን ነገረው። ትምህርቱ ቀጠለ። ሳሙኤል ከዚያ ቀን ወዲያ ቤታችን አልመጣም።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። ቤታችን ውስጥ ሰው ሲናገር የሚሰማው "ጨው አቀብይኝ" እና "በሩን ዝጊው" ሆነ። እናቴ ሮማንን በሰው በሰው ትጠይቃታለች። ቤቱ እንዳይፈርስ ትታገሳለች እንጂ ፈርታ አልነበረም፤ ይህን ያወቅሁት በፍልሰታ ጾም፣ ከድር በዝናብ በስብሶ ደጃችን ላይ የቆመ ቀን ነው። ደፉን አላለፈም። አባቴ መኖሩን አይቶ እጅ ነሣና ዓይኑን ወደ እናቴ መልሶ፣ "እማማ የሺ፣ ምጥ ይዟታል። ስምዎን እየጠራች ነው" አለ።

እናቴ የምትፈልገውን ፍለጋ አልዞረችም። የገንፎ ዱቄቱ ተፈጭቶ፣ ቅቤው ተነጥሮ፣ ሁሉም አልጋው ስር ተዘጋጅቶ ኖሯል። ያን ሁሉ ወር እዚያው ከአባቴ እግር አጠገብ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

"የሺ፣ ያልኩትን ሰምተሻል" አለ አባቴ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ።

"ሰምቻለሁ። አንተም ስማኝ። የምሄደው ልጄን ላርሳት ነው። አንተ ንጉሥ አይደለህም፤ እኔም ሕዝብህ አይደለሁም።" ነጠላዋን አጣፋች። እኔ ልከተላት ስነሣ፣ "አንቺ ቆይ። ብቻውን መሆን የለበትም" አለችኝ። ከድር ዕቃውን ተቀበላት፤ ጭቃውን እየረገጡ ዳገቱን ወጡ። እናቴ የወጣችው ለአርባ ቀን ነበር። ከዚያ ወዲያ አባቴ ቤት አላደረችም።

ሕፃኗን በሁለተኛው ሳምንት አየኋት። ሐያት ነው ስሟ። የከድር እናት፣ እሳቸውም ሮማንን መጀመሪያ ላይ በግድ ነበር የተቀበሉት ይባላል፣ ሕፃኗን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ክንዴ ላይ አስቀመጡልኝ። "የማንን ትመስላለች?" አሉኝ። ግንባሯ ሰፊ ነው፤ በመሀሉ አንዲት መስመር አለችበት። ሲቆጣ የሚታየው የአባቴ መስመር ነው። ሮማን ከአልጋዋ ላይ ሆና እያየችኝ ነበር። እኔ ሳልናገር፣ "አውቃለሁ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ቤት ስመለስ አባቴ ብቻውን ተቀምጧል። ልነግረው ጓጉቼ ቁልቁለቱን ሮጬ ነበር የወረድኩት።

"አባዬ፣ ሴት ናት። ግንባሯ ልክ እንደ—"

"የቤት ሥራሽን ጨርሰሻል?" አለኝ።

ክረምት ነበር፤ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል።

በጳጉሜን አባቴ የትምህርት ቤት ጫማ ሊገዛልኝ ፒያሳ ይዞኝ ወጣ። አስፋልቱ እርጥብ ነው፤ የወርቅ ቤቶቹ መስኮት ያብረቀርቃል። አንድ ማኪያቶ ቤት በር ላይ ስንደርስ ከውስጥ፣ ከባንኮኒው አጠገብ፣ አቶ በቀለ ስኒያቸውን ይዘው ወጡ።

"መምህር! እንኳን ማርያም ማረችልዎ! የልጅ ልጅ አዩ! ባለቤቴ ትናንት ሄዳ ጠይቃት ገንፎ በልታ መጣች። እንዴት ያለች ቆንጆ ናት መሰለዎ!"

አባቴ ኮፍያውን እንደያዘ ቆመ። "የእኔን ነገር... ያውቁ የለም እንዴ?" አለ፤ እንዲያ ሲንተባተብ ሰምቼው አላውቅም።

"የቱን? ... ውይ! የድንኳኑን? ኧረ በሥላሴ፣ ያንን ነገር እስካሁን ይዘውታል? ጨዋታ እኮ ነበር። እኛ ማን ያስታውሰዋል! ይግቡ፣ ማኪያቶ ልጋብዝዎ።"

"አመሰግናለሁ፤ ልጅ ይዣለሁ" አለ አባቴ። አቶ በቀለ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወደ ሞቀው ቤት ተመለሱ።

የከድር ሱቅ ከመንገዱ ማዶ ነው። ቴርሞሶቹ ከቆምንበት ይታያሉ። መኖሪያቸው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ እናቴም፣ ሮማንም፣ ሐያትም እዚያ ናቸው። የአባቴን እጅ ሳብ አደረግሁት። "አባዬ፣ እዚህ ነው። በጎን በኩል በር አለው። አሁን እንግባ?" አልኩት።

ቆመ። ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ። ሰው ሁሉ ጃንጥላውን ደፍቶ በየጉዳዩ ይሮጣል። አንድም የሚያየን አልነበረም። እጁ ውስጥ ያለች እጄ እስክታመኝ ድረስ ጨበጣት። ታክሲ አለፈ፤ ሌላም አለፈ። መንገዱ ነጻ ሆነ። የአንድ እግሩ ጫማ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ነበር።

"ዝናብ ሊመጣ ነው" አለ። "ጫማውን እንግዛ።"

ጫማ ቤቱ ውስጥ ሻጩ በርጩማ ላይ አስቀመጠኝና ጥቁር ባለ ማሰሪያ ጫማ አወጣልኝ። አባቴ ተንበርክኮ ራሱ አሰረልኝ። በአውራ ጣቱ የጫማውን ጫፍ ጫን ጫን እያደረገ የጣቶቼን መድረሻ ይፈልጋል። ራሱን ከላይ ሆኜ ሳየው ጸጉሩ መሀል ላይ ሳስቷል።

"ከዚህ ከፍ ያለ ቁጥር አልቆብናል፣ ጋሼ" አለ ሻጩ። "ልጅዎ ናት?"

"አዎ።"

"ቆንጆ ልጅ ናት፤ ትደግልዎ። ሌሎችም አሉዎት?"

አባቴ ማሰሪያውን እያጠበቀ ነበር። ቀና አላለም።

"የለኝም" አለ። "እሷ ብቻ ናት።" ከዚያ ወደ እኔ አየት አድርጎ፣ "ይጠብሻል?" አለኝ።

ጣቶቼ ተቆልምመው ነበር።

"አይ፣ ልክ ነው" አልኩት።